መሸምደድ ይብቃ፣ ማስተዋል ይጀመር!
(ስለ ጀርመንኛ መስተዋድድና ስለ ራሳችን ዝምታ)



«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። በወልድያና በመርሳ፣ በሀብሩም ገጠር ጭምር፣ ጀርመንኛ ለመማር የተነሣውን ወጣት ስናይ ይህ ተረት ከአእምሯችን አልወጣ አለ። ነርሱ፣ መሐንዲሱ፣ መካኒኩ፣ ባሏ ዘንድ ለመሄድ ቪዛ የምትጠብቀው ሙሽራ፣ ሁሉም ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይሮጣል። መሮጡን አንነቅፍም። የምንነቅፈው አፍሶ መልቀሙን ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ መስተዋድድና መስተዋድዱ ስለሚያዝዘው የስም ሙያ፣ ጀርመኖቹ «ካዙስ» ስለሚሉት። «የተማሪ ማኅበር በዚህ ላይ ምን አገባው?» ብሎ የሚስቅብን ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው ያንብበንና ከዚያ ወዲያ ይሳቅ።

በመጀመሪያ ያየነውን እንናገር። በከተማችን ጀርመንኛ እናስተምራለን ከሚሉት ቤቶች በአንደኛው መስኮት ሥር የሚያልፍ ሰው አንድ ዜማ ይሰማል። «ዱርሽ፣ ፊዩር፣ ጌገን፣ ኦነ፣ ኡም፤ አኩዛቲቭ! አውስ፣ ባይ፣ ሚት፣ ናኽ፣ ዛይት፣ ፎን፣ ጹ፤ ዳቲቭ!» ሠላሳ አፍ ባንድነት ይጮኻል። ዜማው ደስ ይላል፤ እንዲያውም መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል። ነገር ግን ከሠላሳው አንዱ እጁን አንሥቶ «መምህር፣ አኩዛቲቭ ማለት ምን ማለት ነው? ‹ሚት›ስ ለምን ዳቲቭ ይፈልጋል?» ብሎ የጠየቀ ዕለት የሚያገኘው መልስ «ዝም ብለህ ሸምድድ፤ ፈተና ላይ ይመጣል» የሚል ነው። ልጁ ይቀመጣል፤ ዜማው ይቀጥላል፤ ክፍያው በየወሩ ይከፈላል።

ይህን የመሰለ ትምህርት ትምህርት አይባልም። ገዝቶ የማይበላ እህል ነው። የሸመደደው ተማሪ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ያወርደዋል፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናገር ሲባል ግን አፉ ይያዛል። ለምን ቢባል ዝርዝሩ የት እንደሚውል አልተነገረውም። ቁልፍ ሰጥተው በሩን አላሳዩትም።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ያ ዝርዝር በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚተረጎመው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ጀርመንኛ ለመሻገር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ኬላ እንድናልፍ እንገደዳለን። ቅኝ አልተገዛንም ብለን እንኮራለን፤ ነገር ግን አንድን ባዕድ ቋንቋ ለመማር ሌላ ባዕድ ቋንቋ በረኛ ሆኖ ሲቆምብን ማን ተቃወመ? ደግሞስ ስለ ስም ሙያ እንግሊዝኛን መጠየቅ ምን ይረባል? እንግሊዝኛ ጥንት የነበሩትን የስም መጨረሻዎች በመካከለኛው ዘመን ጥሏቸው፣ ዛሬ የቀረው እንደ «ሂ»ና «ሂም» ባሉት ተውላጠ ስሞች ላይ ያለው ርዝራዥና ለባለቤትነት የሚጨመረው «ስ» ብቻ ነው። በሬዎቹን ከሸጠ ሰው ስለ ጥማድ መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ጥማዱ ያለው ግን በገዛ ቤታችን ነው!

እስቲ አንድ ነገር እናውጋችሁ። ነርስነት ተምራ የተመረቀች አንዲት የመርሳ እኅታችን ረጅም መንገድ ተጉዛ አዲስ አበባ ላይ ተፈተነች፤ ወደቀችም። ስትመለስ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ደብተሯን ዘረጋች። በደብተሯ መካከል በቀይ ቀለም የተሰመረበት አንድ ሕግ አገኘን። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ «እንቅስቃሴ ካለ አኩዛቲቭ፤ እንቅስቃሴ ከሌለ ዳቲቭ።» አከታትላም በዚሁ ሕግ መሠረት «ወደ ሐኪም እሄዳለሁ» ለማለት «ኢሽ ጌሄ ጹ ዴን አርጽት» ብላ ጽፋለች። መሄድ እንቅስቃሴ ነውና! ነገር ግን ስሕተት ነው። ትክክሉ «ጹ ዴም አርጽት»፣ ባጭሩም «ጹም አርጽት» ነው። ምክንያቱም «ጹ» የሚባለው መስተዋድድ ሰው ቢሮጥም ቢተኛም ዳቲቭን እንጂ ሌላ አይቀበልም። «አውስ»ም እንዲሁ ነው፤ ከቤት የወጣ ሰው ተንቀሳቅሷል፤ ይሁን እንጂ የሚባለው «አውስ ዴም ሀውስ» ነው፤ ዳቲቭ!

እንግዲህ ይህች ልጅ አልሰነፈችም። የተነገራትን ሕግ አክብራ ሠራችበት፤ ሕጉ ግን ግማሽ ነበረ። ግማሽ እውነት ከሙሉ ሐሰት የበለጠ ያሳስታል፤ ሙሉ ሐሰትን ሰው ይጠራጠረዋልና። የመንገድ ገንዘቧን፣ የፈተና ክፍያዋንና የእናቷን ጥሪት የበላው ይህ ግማሽ ሕግ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ሰሞን መርሳ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስቀሯት አንድ ሸኽ ዘንድ ለጥየቃ ትሄዳለች። በወሬ በወሬ ደብተሯን አውጥታ «ሸሆች፣ ይኸ ነው ያስቸገረኝ፤ ከአንዳንድ ቃል በኋላ የስሙ መነሻ ይለወጣል ይላሉ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ሳቁና «ልጄ፣ ይኸማ የኛው ሐርፈ ጀር ነው! እኛ ጋ መጨረሻው ይለወጣል፤ እነሱ ጋ ፊተኛው ይለወጣል እንጂ ነገሩ አንድ ነው» አሏት። ይህን ስትነግረን ከመካከላችን ከዋድላ ቅኔ ቤት የወጣ አንድ ወንድማችን ብድግ አለና «ኧረ ይኸማ አገባብ ነው!» አለ። ያን ቀን ማታ እራት ቀርቶብን ስንከራከር አመሸን። ይህች ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ናት።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ሠላሳ ሰው ያስጮኸው ዜማ በአማርኛ ሲነገር ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ እናሳይ።

የጀርመንኛ ስም አራት ሙያ አለው። ኖሚናቲቭ የምንለው ባለቤት ነው፤ አኩዛቲቭ ተሳቢ ነው፤ ዳቲቭ ተቀባይ ነው፤ ጌኒቲቭ ዘርፍ ነው። እነዚህን ቃላት ከሰዋስው መጽሐፍ ያልሰማ የአማርኛ ተማሪ የለም። «ሰውየው መጣ» ስንል ሰውየው ባለቤት ነው፤ «ሰውየውን አየሁ» ስንል «ን» ጨመርን፤ ተሳቢ ሆነ። ጀርመኑም «ዴር ማን» የነበረውን «ዴን ማን» ያደርገዋል። ልብ በሉ፤ ከ«ዴን» መጨረሻ ያለችው «ን» ከኛዋ «ን» ጋር ዘመድ ባትሆንም ለማስታወስ ግን ትጠቅማለች። ከዚህም ሌላ የምሥራች አለ፤ በአኩዛቲቭ የሚለወጠው ተባዕቱ ብቻ ነው። የአንስታዩ «ዲ»፣ የግዑዙ «ዳስ»፣ የብዙውም «ዲ» እንዳሉ ይቀራሉ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ቀድሞ የነገረን ቢኖር ስንት ለሊት በተኛን ነበር!

በዳቲቭ ግን ሁሉም ይለወጣል። ተባዕቱና ግዑዙ «ዴም»፣ አንስታዩ «ዴር»፣ ብዙው «ዴን» ይሆናል፤ ብዙውም በስሙ መጨረሻ ብዙ ጊዜ «ን» ይጨምራል። እንግዲህ «ዴር» ባየ ቁጥር ባለቤት መስሎት የሚደነብር ተማሪ፣ እናቱም «ዴር» ልትባል እንደምትችል ይወቅ፤ «ሚት ዴር ሙተር» ማለት «ከእናትየዋ ጋር» ነውና።

ቀጥሎ መስተዋድዶቹ። እነዚህ ሦስት ጎራ ናቸው፤ ትንሿን የጌኒቲቭ ጎራ ስንጨምር አራት። የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ ተሳቢን ይይዛሉ፤ የሁለተኛዎቹ ሁልጊዜ ዳቲቭን ይይዛሉ። እነዚህ ሁለቱ ጎራዎች አይመረመሩም፤ ይያዛሉ። በዚህ ላይ ሽምደዳን አንቃወምም፤ የዳዊት ተማሪስ ሳይሸመድድ መቼ ደገመ? የምንቃወመው ሽምደዳው የማያስፈልግበት ቦታ ድረስ መዝለቁን ነው። ሦስተኛው ጎራ፣ ማለትም «አን፣ አውፍ፣ ሂንተር፣ ኢን፣ ኔበን፣ ኡበር፣ ኡንተር፣ ፎር፣ ጽቪሸን» የሚባሉት ዘጠኙ፣ በሁለት ቢላ የሚበሉ ናቸው። አንድ ጊዜ አኩዛቲቭ፣ አንድ ጊዜ ዳቲቭ ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ማስተዋል እንጂ ዜማ አይረዳም።

ምሥጢሩ ይህ ነው። አማርኛ «ወደ ገበያ እሄዳለሁ» ሲልና «በገበያ ውስጥ ነኝ» ሲል መስተዋድዱን ይለውጣል፤ «ወደ» የነበረው «በ» ይሆናል፤ ገበያው ግን ገበያ ነው። ጀርመንኛ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መስተዋድዱን አይነካም፤ የስሙን ሙያ ይለውጣል። «ኢሽ ጌሄ አውፍ ዴን ማርክት» ማለት ወደ መርሳ ገበያ ስትሄድ ነው፤ «ኢሽ ቢን አውፍ ዴም ማርክት» ማለት ማንጎው አጠገብ ቆመህ ስትከራከር ነው። «አውፍ» አልተለወጠም፤ «ዴን» ግን «ዴም» ሆነ። እኛ በመስተዋድድ የምንለየውን እነሱ በሙያ ይለዩታል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በቀይ ቀለም ልትጻፍ የሚገባት ነበረች!

ያ በቀይ የተሰመረበት ግማሽ ሕግስ? እንኳን ለሌሎቹ፣ ለዘጠኙም ልክ አይደለም። የመርሳን የብርቱካን አትክልት አስቡ። አንድ ልጅ ከውጭ ሮጦ ወደ አትክልቱ ቢገባ «ኢን ዴን ጋርተን» ነው፤ አኩዛቲቭ። ያው ልጅ አትክልቱ ውስጥ ገብቶ ወዲያና ወዲህ ቢሮጥ ግን «ኢም ጋርተን» ነው፤ ዳቲቭ። በሁለቱም ጊዜ ልጁ ይሮጣል! ስለዚህ ጥያቄው «ተንቀሳቀሰ ወይስ ቆመ?» አይደለም። ጥያቄው «ወዴት?» ነው ወይስ «የት?» ነው። ወዴት ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆነው አኩዛቲቭ፣ የት ለሚለው መልስ የሚሆነው ዳቲቭ ነው። አማርኛ «ወዴት»ንና «የት»ን ለይቶ ሲኖር ስንት ዘመኑ ነው? ታዲያ ይህን ለማስረዳት እንግሊዝኛ ምን አስፈለገ?

ሌላም እንጨምር። ጀርመንኛ ጥንድ ጥንድ ግሦች አሉት፤ «ሽቴለን»ና «ሽቴሄን»፣ «ዜጸን»ና «ዚጸን»፣ «ሌገን»ና «ሊገን»። ተማሪ ሁሉ ይምታታበታል። አንድ የሰባተኛ ክፍል የሀብሩ ልጅ ግን አይምታታበትም፤ እንዲህ ብለን ብንነግረው፦ «ሽቴለን» አቆመ ነው፤ «ሽቴሄን» ቆመ ነው። «ዜጸን» አስቀመጠ፤ «ዚጸን» ተቀመጠ። «ሌገን» አጋደመ፤ «ሊገን» ተጋደመ። አቆመ፣ አስቀመጠ፣ አጋደመ የሚሉት ወዴት ያሰኛሉና ከዘጠኙ ጋር ሲመጡ አኩዛቲቭ ይፈልጋሉ፤ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተጋደመ የሚሉት የት ያሰኛሉና ዳቲቭ ይፈልጋሉ። «መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አጋደምሁት» «አውፍ ዴን ቲሽ»፤ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል» «አውፍ ዴም ቲሽ»። እዚህ ላይ አማርኛ በሁለቱም «ላይ» ስለሚል በመስተዋድድ አይለይም፤ ግሡ ግን ይለይልናል። የገዛ ግሣችን መምህራችን ነው፤ እኛ ግን አንሰማውም።

ወደ ቅኔ ቤቱ ወንድማችን እንመለስ። በግዕዝ «ቤት» ባለቤት ሲሆን ቤት ነው፤ ተሳቢ ሲሆን ግን ሳድሱ «ት» ወደ ግዕዙ «ተ» ይለወጥና «ርእየ ቤተ» ይባላል። ከዚህም አልፎ «ቦአ ቤተ» ይላል፤ «ወደ ቤት ገባ» ማለት ነው። እነሆ፣ የመግባት መድረሻ ተሳቢ ሆነ! ጀርመኑ «ኢን ዳስ ሀውስ» ብሎ አኩዛቲቭ ሲያደርገው ለቅኔ ተማሪ ምን ያስደንቀዋል? «ነበረ ውስተ ቤት» ሲል ግን «ተ» የለም። በእርግጥ ልኩ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በግዕዝ ከ«ውስተ» በኋላ የሚመጣው ስም መጨረሻው አይለወጥም፤ «ቦአ ውስተ ቤት» ቢልም ያው ነው። ማስተዋሉ ግን አንድ ነው፤ ቃል ቃልን ይገዛል፤ የሚገዛውም በሥርዓት ነው። አባቶቻችን ይህን ዐቢይ አገባብ፣ ንኡስ አገባብ፣ ደቂቅ አገባብ ብለው ከፋፍለው ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ሸሆቹም እውነታቸውን ነው። በዐረብኛ «አል በይቱ» ባለቤት ነው፤ «ረአይቱል በይተ» ቤቱን አየሁ ነው፤ «ፊል በይቲ» በቤቱ ውስጥ፣ «ኢለል በይቲ» ወደ ቤቱ፣ «ሚነል በይቲ» ከቤቱ ነው። ኡ፣ አ፣ ኢ! ረፍዕ፣ ነስብ፣ ጀር! የየጁና የሀብሩ ደረሳ አጅሩሚያን ሲቀራ የሚማረው ይህን ነው። ልዩነቱ ዐረብኛ ለሐርፈ ጀር ሁሉ አንድ ሙያ ብቻ ሲሰጥ ጀርመንኛ ሦስት ቦታ ማከፋፈሉ ነው። አንዱን ያወቀ ሦስቱን ለማወቅ የቀረው ጥቂት ነው፤ ምንም ያላወቀ ግን ሠላሳውን ቃል በዜማ ይጮኻል።

እንግዲህ እንጠይቅ። በዚህ አገር በአንድ በኩል የዋድላ ቅኔ፣ በሌላ በኩል የየጁ ነሕው እያለ፣ በመካከሉ የተወለደ ልጅ «የስም ሙያ ለኢትዮጵያዊ አይገባም» ሲባል ዝም ብሎ የሚሰማው እስከ መቼ ነው?

አሁን ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እንስማ፤ ሳይሰሙ መፍረድ የእኛ ልማድ አይደለምና።

አንደኞቹ «ቅኔና ነሕው የሃይማኖት ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ይሠራሉ?» ይላሉ። እኛም እንመልሳለን። የምንለምነው ሰዋስውን እንጂ ስብከትን አይደለም። ሰዋስው የሁሉ ነው። በዚያች ማታ አንድ የቅኔ ልጅና አንዲት የደረሳ ጎረቤት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ «ዴም» ሲከራከሩ ወሎ ምን እንደ ሆነ አየን። ይህን የሚፈራ ሰው ዕውቀትን ነው የሚፈራው።

ሁለተኞቹ «ጀርመንኛ ማስተማር ምሁሩን ማስኮብለል ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ አንንቀውም። ነገር ግን መሄድና መቅረት የየሰው ውሳኔ ሲሆን፣ ሳያውቁ መሄድ ግን የማንም ጥቅም አይደለም። ጀርመን አገር አንድ የውጭ አገር ነርስ በሙያዋ ሙሉ ዕውቅና ለማግኘት በአብዛኛው የቢ2 ደረጃ ቋንቋ ትጠየቃለች፤ እስክታገኝ ድረስ የአራት ዓመት ዲግሪዋን በሻንጣዋ ይዛ በረዳትነት ትሠራለች። የተማረችውን ነርስ ረዳት አድርጎ የሚያስቀምጣት ስንፍናዋ ሳይሆን ያልተገለጠላት ሰዋስው ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን ነው? «ከምግብ በፊት» «ፎር ዴም ኤሰን»፣ «ከምግብ በኋላ» «ናኽ ዴም ኤሰን» ነው፤ መድኃኒት የምትሰጥ እጅ በእነዚህ በሁለቱ መስተዋድዶች መካከል ልትጠራጠር አይገባትም።

ደግሞስ ጀርመንኛ ለሚሄድ ብቻ ነው ያለው ማነው? አውጉስት ዲልማን በ1857 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው የግዕዝ ሰዋስው የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። ፍራንጽ ፕሬቶሪዩስ በ1879 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። በ1906 አክሱምን ያጠናው የኤኖ ሊትማን ጓድ በ1913 ያወጣቸው መጻሕፍት የተጻፉት በጀርመንኛ ነው። የገዛ ታሪካችንን፣ የገዛ ቋንቋችንን መጻሕፍት ለማንበብ ከወልድያ ሳንነሣ ጀርመንኛ ያስፈልገናል። የታሪክ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ቢመረቅ ዓይኑን በከፊል ሸፍኖ ተመረቀ ማለት ነው።

ሦስተኞቹ «ጀርመኖቹ ራሳቸው ይሳሳታሉ፤ ‹ቬገን› ከሚለው በኋላ ጌኒቲቭ መሆን ሲገባው ዳቲቭ ይላሉ» ብለው ያጽናኑናል። እውነት ነው፤ «ቬገን ዴስ ሬገንስ» በሚባልበት «ቬገን ዴም ሬገን» የሚል ጀርመናዊ ብዙ ነው። ነገር ግን ሕጉን አውቆ በቤቱ የሚዝናና ሌላ ነው፤ ሕጉን ሳያውቅ በሰው ቤት የሚደናበር ሌላ ነው። መጀመሪያ እንወቅ፤ መዝናናቱ ይደርሳል።

አራተኞቹ «ማኅበሩ ስለ እንጀራና ስለ መኝታ ይናገር» ይላሉ። እንናገራለን፤ ተናግረናልም። ይሁን እንጂ ወንድሞቻችን የዘር ፍሬ እስኪቀር የሸጡበትን የትምህርት ክፍያ እንጀራ አይደለም ያለው ማነው? ለማይገባ ትምህርት የተከፈለ ብር ከእንጀራችን የተቆረሰ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን አንድ ታሪክ እናስታውስ። በ1652 (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ከወሎ ምድር፣ ከጥንቱ አምሐራ ከመካነ ሥላሴ፣ የወጡ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ሰው ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ደረሱ። የጠራቸው ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ሊቅ ነበረ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሮም ላይ ተዋውቀዋል። በግዕዝ እየተነጋገሩ፣ ጀርመኑ እየጠየቀ፣ ሐበሻው እየመለሰ፣ ቃል በቃል፣ አገባብ በአገባብ ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በ1658 በባሕር ላይ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን የተማረውን አልጣለም፤ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት አሳተመ።

ይህን የምንተርከው ለትምክሕት አይደለም፤ ለሐፍረት ነው። ከ370 ዓመት በፊት አንድ ጀርመናዊ አማርኛን ለመማር የአማርኛን ባለቤት ፊት ለፊት አስቀምጦ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም «ዝም ብለህ ሸምድድ» አላለውም። እኛ ግን ዛሬ ጀርመንኛን ስንማር መጠየቅ ነውር ሆኖብናል። ሉዶልፍን ያስተማረው የወሎ ሰው ነበር፤ የወሎን ልጅ የሚያስተምረው ግን ዜማ ሆነ። ጀርመኖቹ የኛን ሰዋስው በራሳቸው ቋንቋ ለራሳቸው ተማሪዎች ጻፉ፤ እኛ የዚህ ግቢ ተማሪዎች የነሱን ሰዋስው በአማርኛ ለታናናሾቻችን የምናስረዳበት አንዲት ገጽ እንኳ እስከ ዛሬ አላዘጋጀንም።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንክሰስ። አስተማሪውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ያ ልጅ እጁን አንሥቶ ሲጠይቅ ከጎኑ ተቀምጠን የሳቅነው እኛ ነን። «ጊዜ አታባክንብን» ያልነው እኛ ነን። ያለፈውን ፈተና ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን መልሱን ብቻ የምንቆርጥ እኛ ነን። ሸምዳጅ ተማሪ ባይኖር አስሸምዳጅ መምህር ከየት ይመጣል? ሻጭን የሚፈጥረው ገዢ ነው።

ጦርነቱም ሰበብ አይሁነን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያ ምን እንዳየች፣ ዩኒቨርሲቲዋም እንዴት እንደ ተዘረፈ ሁላችን እናውቃለን። መጽሐፍ ይዘረፋል፤ ወንበር ይዘረፋል፤ መንገድ ይዘጋል፤ መብራት ይጠፋል። ነገር ግን «ወዴት»ንና «የት»ን የሚለይ አእምሮ አይዘረፍም። ለዚህ ትምህርት ጠመኔና አንድ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ይህን ያየነው በዚያች ማታ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፦

1ኛ/ በከተማችን ጀርመንኛ የሚያስተምሩ ቤቶች የስምን ሙያና መስተዋድድን በአማርኛ ያስረዱ። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ተቀባይ፣ ዘርፍ የሚሉ ቃላት አሉን። የማያስረዳ መምህር «አላውቅም» ማለትን ይልመድ፤ «አላውቅም» የዕውቀት መጀመሪያ ነውና አንስቅበትም።

2ኛ/ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ማን እንደሚያስተምር፣ በምን ደረጃ እንደ ተፈተነና ተማሪው በስንት ወር ከየት ወዴት እንደሚደርስ ጽፈው ይለጥፉ።

3ኛ/ ማኅበራችን በየሳምንቱ አንድ ማታ የጥናት ጉባኤ ይክፈት። ከቅኔ ቤት የመጣ ስለ አገባብ፣ ከደረሳ የመጣ ስለ ሐርፈ ጀር፣ ጀርመንኛ የጀመረ ስለ ዘጠኙ መስተዋድዶች ይናገር። መሪጌታውም ሸኹም በክብር ይጋበዙ፤ የክብር ወንበር ይሰጣቸው።

4ኛ/ ከዚያ ጉባኤ የሚወጣው ሁሉ ተጽፎ በዚህችው በማኅበራችን ጋዜጣ ይባዛ፤ ለመርሳ፣ ለውርጌሳና ለስሪንቃ ልጆችም ይድረስ። ገንዘብ የሌለው በነጻ ይውሰድ።

5ኛ/ ተማሪ ሁሉ በየክፍሉ ቢያንስ አንዲት «ለምን?» ይጠይቅ። የጠየቀውን የሚስቅበት ደግሞ ከእኛ ወገን አይደለም።

ይህ ብዙ ነው ወይ? ለመንግሥት አልጻፍንም፤ በጀት አልጠየቅንም፤ ሕንፃ ይሠራልን አላልንም። የጠየቅነው ማስተዋልን ነው።

ያች የመርሳ እኅታችን እንደገና እየተዘጋጀች ነው። ከደብተሯ ያን ቀይ መስመር ሰርዛ በምትኩ ሁለት ቃላት ጽፋለች፤ «ወዴት? የት?» የሚሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከሸሆቹ ቤት ስትመለስ አገኘናትና «እንዴት ሆነልሽ?» ብንላት «ድሮ ዜማውን ነበር የማውቀው፤ አሁን ነገሩን አወቅሁት» አለችን። እኛም ከዚህ የበለጠ የምንለው የለንም።

ተማሪ ሆይ፣ ጠይቅ! የምትሄድ ከሆነ ወዴት እንደምትሄድ፣ የምትቀርም ከሆነ የት እንደ ቆምህ እወቅ!

ከዝግጅት ክፍሉ